የሸክላ ሠሪዋ ግማሽ ፎቶ

ፖስታውን ስከፍተው አስቀድሞ የሚመጣው ሽታው ነው። የደረቀ ሙጫ፣ የቆየ ወረቀት፣ ከሁለቱ ሥር ደግሞ እርጥብ አፈር ይሸተኛል። ወረቀት ይህን ያህል ዘመን የአፈር ሽታ ይዞ እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ ተማሪ ቢጠይቀኝ እንደማይሆን ባስረዳሁት ነበር። ቢሆንም ይሸተኛል። ውስጡ መዳፍ የማታህል ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለች። የላይኛው ጠርዟ በመቀስ ተቆርጧል። ሁለት እጆች የእንስራ አፍ ይዘው ይታያሉ፤ ጣቶቹ እስከ አንጓቸው ጭቃ ናቸው። ፊት የለም።

አንተ በስልክህ በአንድ ቀን መቶ ፎቶ የምታነሣ ሰው ስለሆንክ፣ ነገሩ እንዲገባህ ከመጀመሪያው ላስረዳህ።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ላስታ ተመደብኩ። ትምህርት ቤቱ ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቀይ ድንጋይ ባለበት ጠርዝ ላይ የተሠራ ባለ አራት ክፍል ቤት ነበር። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ጠመኔ በቀለም ለይቼ፣ ደብተር በመጠን ለይቼ የማስቀምጥ፣ ያልተጠየቅሁትን ሁሉ የማስረዳ ሰው ነበርኩ። ደሴ ያለው አጎቴ ስለማለፌ ደስ ብሎት አንድ የሩስያ ካሜራ ከነቆዳ ማኅደሩ ሰጥቶኝ ነበር። ፊልም የነበረኝ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ፎቶ የሚያነሣ። አንዱም እንዳይባክን ደብተር አሰመርኩለት፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ማን፣ የት፣ የብርሃኑ ሁኔታ።

ሐሳቤ ሰዎችን በየሥራቸው፣ በየደጃቸው ማንሣት ነበር። ደሴ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ሐይቅ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት እንደ ምሰሶ ተገትሮ መነሣት ውሸት ይመስለኝ ነበር። የላስታ ሰው ግን በዚህ አልተስማማም። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ሲያርሱ ላነሣቸው ብዬ ስቀርብ፣ በሬዎቹን እንደተጠመዱ ትተው ቤት ገቡና ካፖርት ደርበው፣ ሬዲዮ ታቅፈው ወጡ። ሬዲዮው ባትሪ አልነበረውም። ሸማኔው ከጉድጓዱ ዘሎ ወጥቶ ሸማውን በጋቢ ሸፈነብኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጫማቸውን የሚሰፉትን መሪጌታ ልለምናቸው ብሞክር፣ መርፌያቸውን ሳይተዉ ሳቁብኝ።

«አንተ መምህር፣ ቋንቋ አስተማሪ አይደለህ?» አሉኝ። «ላንሣህ ትላለህ። የሚነሣ የወደቀ ነው። የወደቀ ሰው ሲነሣ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? አቧራውን ያራግፋል። አንተ ከነአቧራችን ልታነሣን ትፈልጋለህ።»

መልስ አላጣሁም፤ ሥራ ክቡር ስለመሆኑ በሰፊው አስረዳኋቸው። ጫማቸውን ሰፍተው ጨረሱና አመስግነውኝ ሄዱ።

ከትምህርት ቤታችን በታች፣ ውኃው ከሚወርድበት ሸለቆ ዳር፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው በብሔራዊ ውትድርና ኤርትራ ነው። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪ እንዴት ይታይ እንደነበር ሳታውቅ አትቀርም። እንስራ ያለ እሳቸው አይገኝም፤ ሆኖም ከእጃቸው የሚቀበል የለም። መሬት ላይ ያስቀምጡታል፤ ገዢው ከመሬት ያነሣዋል። ሰዉ ዓይናቸው ይበላል ብሎ ይፈራ ነበር። እናቶች እሳቸው ሲያልፉ የሕፃን ፊት ይሸፍኑ ነበር። ልጅ አዋቂው «አንቺ» ይላቸዋል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝና «እርስዎ» እላቸው ነበር፤ በዚህም ትንሽ ሳልኩራራ አልቀረሁም።

ሥራ ላይ ላንሣዎት ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። ሁለቴም «ይቅርብኝ፣ መምህር» አሉኝ። አንድ ጠዋት ግን በአጥሩ ክፍተት አየኋቸው። ፀሐይዋ ከአሸተን ተራራ በኩል ገና መውጣቷ ነበር፤ ብርሃኗ በአግድም እየመጣ ጭቃው ላይ ያንጸባርቃል። የእንስራውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ እያዞሩ፣ ለራሳቸው ብቻ የሚሰማ ነገር ያንጎራጉራሉ። ጉንጫቸው ላይ አንዲት የጭቃ ጠብታ ነበረች። ካሜራው ቀጭ ሲል ጅረቱ ድምፁን ዋጠው። ደብተሬ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ቁጥር ሃያ አንድ። ሸክላ ሠሪ። በሥራ ላይ። የጠዋት ብርሃን። ሳያውቁ።» በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ዐቢይ ጾም እንደገባ፣ ሸክላ ሠሪዋ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ከደጁ አላለፉም። ከልጃቸው የመጣ ደብዳቤ ነበር፤ እንዳነብላቸው ነው። ልጁ ደኅና መሆኑን፣ ብርዱ ከላስታ ብርድ እንደማይብስ ከጻፈ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «ጓደኞቼ ሁሉ የእናታቸውን ፎቶ በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። የእኔ ኪስ ባዶ ነው። ከፋሲካ በኋላ ከዚህ እንነሣለን፤ ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ያግኘኝ አያግኘኝ አላውቅም። ቶሎ ላኪልኝ።»

ሁለቴ አስነበቡኝ። ከዚያ፣ ፊልሙ አልቆ እንደሆነ ጠየቁ። አንድ ቀርቶኛል አልኳቸው።

«እንግዲያው በነጩ ቀሚሴ ያንሡኝ፤ ጭቃ በሌለበት።»

እኔ ደግሞ ጀመርኩ። ልጅዎ የሚያውቅዎ በሥራዎ ላይ ነው፤ ሥራ አያሳፍርም፤ የመንግሥት አዋጅም ይህንኑ ይላል አልኩ። ጨርሼ እስክነግራቸው ጠበቁኝ።

«መምህር፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «እዚያ የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኑን የሚያውቅበት የለም። እዚያ እንደ ሰው ልጅ ነው። አሁን እኔ በገዛ እጄ ጭቃዬን ልላክበት?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረድኩ። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከግቢያቸው የድንጋይ ካብ ፊት ቆመው ጠበቁኝ። ጭቃው ሁሉ በሣር ተሸፍኗል። እጃቸውን ታጥበው ታጥበው ቆዳው ነጥቷል፤ የት እንደሚያደርጉት ግን ጠፍቷቸው አንዴ ያንጠለጥሉታል፣ አንዴ ከነጠላው ሥር ይደብቁታል። እኔ ካሜራውን ከማኅደሩ አውጥቼ፣ ብርሃን ከየት መምጣት እንዳለበት፣ ትንፋሽ ለምን እንደሚያዝ ማስረዳት ያዝኩ። እሳቸው ካሜራውን ትክ ብለው ሲያዩ ነበር።

«ክዳን አለው» አሉ።

«አዎ፣ እማማ። ሁሉም ካሜራ ክዳን አለው። ዓይኑን ከአቧራ ይጠብቅለታል። ምክንያቱም አቧራ...» እያልኩ ቀጠልኩ፤ እየተናገርኩም አነሣኋቸው። ደብተሬ ላይ «ቁጥር ሠላሳ ስድስት» ብዬ ጻፍኩ።

ፊልሙን አንድ የእህል መኪና ሾፌር ይዞልኝ ደሴ ወረደ። ታጥቦና ታትሞ የመጣው ሆሳዕና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ በቁጥራቸው ደረደርኳቸው። ሊቀ መንበሩ ከነሬዲዮዋቸው አሉ። ቁጥር ሃያ አንድም አለች፤ ካነሣኋቸው ሁሉ የምትበልጠው እሷ ነበረች። ሠላሳ ስድስት ግን የለም። ነጋቲቩን ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት፤ የመጨረሻዋ ዐራት ማዕዘን እንደ መስተዋት ጥርት ብላ ባዶ ናት።

ካሜራው የሚያዩበት ቀዳዳ ሌላ፣ ፎቶውን የሚቀበለው ዓይን ሌላ ነው። ዓይኑ ተከድኖም በቀዳዳው ሰውየው ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። እኔ አቧራ እንዳይነካው ሁልጊዜ እከድነው ነበር። ያን ዕለት ክዳኑ ለምን እንደሚጠቅም ሳስረዳ፣ ክዳኑን ሳላነሣ ቀረሁ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ወረድኩና ነገርኳቸው። እንስራ በጠጠር ሲያለሰልሱ ነበር፤ ጠጠሩ ቆመ።

«ክዳን እንዳለው አይቼ ነበር» አሉ። «መምህር ናቸው፣ ያውቃሉ ብዬ ነው እንጂ።»

ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌላ ፊልም ከደሴ እስኪመጣ ፋሲካ ያልፋል። ልጁ ከሰፈረበት ይነሣል። ስለዚህ ከደብተሬ ውስጥ ቁጥር ሃያ አንድን አውጥቼ ሰጠኋቸው። በጣታቸው ጫፍ ብቻ ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። መቼ እንዳነሣኋቸው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጠዋቱን የሚያስታውሱ ይመስል ወደ አጥሩ ዞር አሉ።

«መቀስ አለ?» አሉ በመጨረሻ። «ከዚህ በታች ይቁረጡልኝ። ፊቴ ይሂድ፤ እጄ ይቅር።»

ከትምህርት ቤት መቀስ አምጥቼ፣ በማስመሪያ አስተካክዬ፣ ከደረታቸው በታች ቆረጥኩት። ከላይኛው ግማሽ ላይ ጭቃ የሚባል አልቀረም፤ ከጉንጫቸው ጠብታ በስተቀር። በጥፍራቸው ሊፍቋት ሞከሩ።

«ይችስ?»

«ማርያም የሳመችዎት ይመስላል» አልኳቸው። «ያየ ሁሉ ምልክት ነው ብሎ ያልፋል።»

ያን ጊዜ ሳቁ። ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። «ሌላው ማርያም ሳመቻት ይበል» አሉ፤ «ልጄ ግን ያውቃታል።»

እንዲያ ደስ ሲላቸው ጊዜ እኔም ደስ ብሎኝ፣ ከነጋቲቩ የፈለጉትን ያህል ፎቶ ማሳተም እንደሚቻል አስረዳኋቸው። ሳቃቸው ተሰበሰበ። ያቺን የነጋቲቭ ቁራጭ ለይቼ እንድሰጣቸው በልጃቸው ስም ለመኑኝ። ሰጠኋቸው። ያን ሳምንት ሸክላው ሲተኮስ፣ ከኩበቱ ጋር አነደዷት። የላይኛው ግማሽ ለልጁ ተላከ፤ የታችኛው ደብተሬ ውስጥ ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። በዚያው ደጅ እንደቆሙ አነበብኩላቸው።

«ፎቶሽ ደርሶኛል። ጓደኞቼ ማርያም የሳመቻት እናት ብለው ስም አውጥተውልሻል። እኔ ለብቻዬ ሳቅሁ። ግን እናቴ፣ እጅሽን የት አደረግሽው? ጠዋት ጠዋት ጭቃ ያቀዘቀዘው እጅሽን አንገቴ ላይ አድርገሽ ነበር የምታነሺኝ። እዚህ የሚያነሣኝ ፊሽካ ነው።»

ልጆቹ ከክፍል ወጥተው በአጠገባችን እየሮጡ አለፉ፤ አቧራው ተነሥቶ ሰከነ። ከዚያ እጃቸውን ከነጠላው ሥር አውጥተው አዩት። የማላውቀውን ነገር የሚያሳዩኝ ይመስል ወደ እኔ ዘረጉት።

«ላክለት» አሉኝ። «እጄንም ላክለት፣ ልጄ።»

«አንተ» ያሉኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ግማሿን ፎቶ በዚህ ፖስታ ከትቼ፣ የላኪ አድራሻ የትምህርት ቤቱን ጽፌ ላክሁ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ፣ እንስራዎቻቸውን መሬት ላይ ደርድረው ከሩቅ ያዩኛል። አይጠይቁኝም፤ ቅንድባቸውን ብቻ ከፍ ያደርጋሉ። «ገና ነው፣ እማማ» እላቸዋለሁ። «ይሁን፣ ይመጣል» ይሉኛል።

ነሐሴ ላይ፣ ጭጋጉ አሸተንን በሸፈነበት ሰሞን፣ ፖስታው ተመለሰ። አልተከፈተም። ፊቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል፦ «ባለአድራሻው የለም።»

አየህ፣ «የለም» ሁለት ነገር ነው። ከዚህ ሄዷል ማለት ይሆናል፤ ከዚህ ዓለም ሄዷል ማለትም ይሆናል። ጽሑፉን ደጋግሜ አየሁት፤ የትኛው እንደሆነ አልነግርህ አለኝ። ብርሃንን፣ አቧራን፣ ነጋቲቭን ሳይጠይቁኝ ያስረዳሁ ሰው፣ ያን አንድ ቃል ይዤ ሸለቆውን መውረድ አቃተኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። «ገና ነው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላም ሦስት ቅዳሜ፣ አራት ቅዳሜ «ገና ነው» አልኩ። መስከረም ሲጠባ ውጊያው ተቃረበ ተባለና ትምህርት ቤቱ ሳይከፈት ቀረ። እኛ መምህራኑ በእህል መኪና ተጭነን ወልድያ ወረድን። ሳልሰናበታቸው፣ ሳልነግራቸው።

መንግሥት ተለውጦ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሼ ነበር። ሽማግሌ እየመሰልኩ በባጃጅ ወረድኩ። ከሸለቆው ዳር የድንጋይ ካቡ አለ፤ ግቢው ሣር ውጦታል። እዚያ ያገኘኋት ወጣት ሴት፣ ሸክላ ሠሪዋ ወደ ቆላ ዘመዶቻቸው ዘንድ እንደሄዱ ከእናቷ መስማቷን ነገረችኝ። ልጃቸው ስለመመለሱ ግን የምታውቀው ነገር አልነበረም። ሣሩ መሐል የተሰበረ የእንስራ አፍ አገኘሁ። አነሣሁት፤ ቀዝቃዛ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት።

አሁን ይችን ግማሽ ፎቶ ሳያት እጃቸውን ከራሴ እጅ ይልቅ አውቀዋለሁ። የቀኝ አውራ ጣታቸው የት ላይ እንደተሰነጠቀ ሳይቀር አውቃለሁ። ፊታቸው ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀኝ ሄዷል። ላስታውሰው ብዬ ዓይኔን ስከድን፣ ያቺ ጉንጫቸው ላይ ያለችው የጭቃ ጠብታ ብቻ ትመጣለች። የቀረው ፊታቸው በልጃቸው ኪስ ውስጥ ነው።