ለቀይዋ መኪና ጎማ ስንመርጥ

ባለፈው ወር፣ ክረምቱ ሳይጠና፣ ከልጄ ጋር ጎማ ልንገዛ ወጣን። ሱቁ ውስጥ የየአገሩ ጎማ በላስቲክ እየተጠቀለለ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሻጩ ወጣት ከኋላችን ወንድ ይመጣ እንደሆነ ወደ በሩ አየት አደረገና፣ «ማዘር፣ ባለቤትዎ ምን ዓይነት ነው ያሉት?» አለኝ።

«ባለቤቴ መንዳት አይችልም። ጎማን ከዳቦ የሚለየው በቀለሙ ነው» አልኩት።

ልጄ አፍራ ወደ ስልኳ አቀረቀረች። እኔ የአንዱን ጎማ ላስቲክ ገለጥ አድርጌ ተጠጋሁት። አዲስ ጎማ የራሱ ሽታ አለው፤ ነዳጅ ነዳጅ ይላል፣ ትንሽም አዲስ ጫማ ጫማ። ያን ሽታ ከወደድኩ ብዙ ዘመኔ ነው። መጀመሪያ የወደድኩት ደግሞ ጎማ እንዲህ ተደርድሮ በማይታይበት፣ ሁለት ማግኘት ሎተሪ በሆነበት በደርግ ጊዜ ነው።

ቤታችን ጉለሌ ነበር፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ ዊንጌት ከሚወርደው አስፋልት ገባ ብሎ። አባቴ ለአንድ ጣሊያን ሥራ ተቋራጭ መካኒክም ሾፌርም ሆኖ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። አብዮቱ ሲፈነዳ ጣሊያኑ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ፣ ለአገልግሎትህ ይሁንህ ብሎ የገዛ መኪናውን ትቶለት ሄደ። ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ ከመሬት ስንዝር የማይርቅ የስፖርት መኪና ነበረች። የሰፈር ልጆች «ጫማዋ» ይሏታል። እውነትም ዝቅ ብላ ስትመጣ አንድ ግዙፍ ሰው መንገድ ላይ ያወለቃት ጫማ ትመስላለች። እናቴ ግን አንድም ቀን ወዳት አታውቅም። «ጤፍ የማትጭን መኪና ምን ታደርግልኛለች? በግ እንኳ ቁጭ አይልባትም» ትል ነበር።

ቤንዚን በኩፖን ነው። እሁድ እሁድ ደግሞ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ታርጋ በፈረቃ ነበር የሚወጣው። ስለዚህ ጫማዋ ዕድሜዋን የምትፈጀው ግቢያችን ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ነው። ጠዋት ጠዋት ኮፈኗ ላይ የረገፈውን ቅጠል የምጠርገው እኔ ነበርኩ። በየሳምንቱ ሞተሯን አስነስቶ ከሰፈር ሰፈር የሚያዞራት ደግሞ ወንድሜ ግርማ። እሱ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ የአባቴን ሁለቱንም ዓይን ሞራ ጋርዶት ነበር። ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ አይለይም። እንግዲህ ከቤታችን መንጃ ፈቃድ ይዛ መንገዱን የምታይ ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ። ግርማ ሳይሄድ ዊንጌት በኩል ባለ ሜዳ ላይ እየጮኸብኝ አስተምሮኛል፤ ፈተናውንም በመጀመሪያው አልፌያለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ የማትሪክ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም፣ ሥራ የለም። ውሎዬ ከቤት ወደ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ፣ ከሰልፉ ወደ ቤት ሆነ። እግሬ አንድ ቦታ መቆም ያመዋል። ያቺን መኪና መንዳት የፈለግሁት ለእንጀራ ብዬ አይደለም፤ የትም ልድረስ የትም፣ መሄድ ፈልጌ ነው። መንጃ ፈቃዴን ለአባቴ ሳሳየው አራቀው፣ አቀረበው፣ መለሰልኝ።

«ጥሩ ነው። ኮሮጆ ውስጥ አስቀምጪው» አለኝ።

በዚህ መሃል አቶ ሽብሩ መምጣት አበዙ። የሰይቼንቶ፣ የትንሿ ፊያት፣ ታክሲ ባለቤት ናቸው፤ የታክሲያቸው ሞተር ሞቷል። የጫማዋን ሞተር አውጥተው ታክሲያቸው ላይ ሊያስገጥሙ ነው ሐሳባቸው። ገላዋንስ ምን ያደርጉታል ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ዶሮ ይደርበት፣ ምን ቸገረኝ» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አባቴ ግን እየተሸነፈ ነበር። ዓመታዊ ምርመራው ደርሷል፤ የጫማዋ ሁለቱ ጎማ እንደ እንቁላል ሙልጭ ብሏል፤ የቀሩት ሁለቱም ጥርሳቸው ሊያልቅ ነው። በዚያ ጎማ ቦሎ አይለጠፍላትም፤ ያለ ቦሎ ደግሞ መንገድ መውጣት የለም።

አንድ ማታ ራት ላይ ቆረጠው። «ጎማ ከተገኘላት ትቆያለች። ካልተገኘ ቅዳሜ ሽብሩ ይውሰዳት።»

«ጎማው ቢገኝ ማን ይነዳታል?» አልኩት።

«እሱን ያኔ እናያለን።»

እናቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። እኔ ግን «እናያለን» የምትለዋን ቃል እንደ ቃል ኪዳን ቆጠርኳት።

በማግስቱ የመንግሥት መደብር ሄድኩ፤ ያለው የጭነት መኪና ጎማ ነው። የቀረን አዲሱ ገበያ ያሉት ጎሚስታው ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ሐሙስ ጠዋት፣ ሌላ የሚነዳ ስለሌለ፣ እኔ ያዝኩና አባቴን ጎኔ አስቀምጬ በዚያ ሙልጭ ባለ ጎማ እያዘገምን ወጣን። ሰኔ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት ፀሐይ ወጥታለች፤ መንገዱ ላይ ጭቃና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተለጣጥፏል። አባቴ መንገዱን ሁሉ «ቀስ... ቀስ...» ሲል ወጣ። በሰው እርምጃ እየሄድን ከዚያ በላይ ምን ያህል ቀስ እንደሚባል አልገባኝም።

ጋሽ መኩሪያ አፋቸው ከእጃቸው የሚቀድም ሰው ናቸው። መሪውን መያዜን ሲያዩ መፍቻቸውን ጣሉና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡኝ። «ጓዲት ሾፌር!» አሉ፤ ወደ አባቴም ዞረው፣ «ተሰማ፣ አሁንስ በአብዮቱ አመንኩ!»

«አንተ ጎማ አምጣ፤ አብዮቱን ተወው» አላቸው አባቴ።

መጀመሪያ ያቀረቡልን ቅርጽ ማስወጣት ነው። ያኔ የተለመደ ሥራ ነበር፤ ቢላዋ በእሳት ያግሉና መላጣው ጎማ ላይ አዲስ ጥርስ ይቀርጻሉ። ሲያልቅ ከሩቅ አዲስ ይመስላል። አባቴ ጎማውን በመዳፉ ዳሰሰና፣ «መኩሪያ፣ ይሄ እኮ ክሩ ሊወጣ ነው። ምኑን ነው የምትቀርጸው? አየሩን?» አላቸው።

ቀጥለው የጂፕ ጎማ አንከባለው አመጡ። ጥርሱ ጣት ያስገባል። ሻይ ቤቱ በር ላይ ቦምቦሊኖ ይገምጡ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ተነሥተው መጡ። «ይሄ ነው ጎማ!» አለ አንዱ። «ይሄማ ሱሉልታን በክረምት ያሻግራል!» አለ ሌላው። በእኛ አገር ጎማ እንደ በቅሎ ነው፣ ጥርሱ ታይቶ ነው ዕድሜው የሚገመተው። በግድ አስገጥመው መሪውን ሳዞረው ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ተፋጭቶ ሲጢጥ አለ። ቀይዋ መኪና ፊቷን ቀና አድርጋ የቆመች ፍየል መሰለች።

«ጋሽ መኩሪያ፣ የሙሽራ ጫማ ብንልዎት የወታደር ቦቲ አጠለቁላት» አልኳቸው።

«አፏ!» አሉ ለአባቴ። «ተሰማ፣ አፏን ማን ነው ያስተማራት?»

«እኔ አይደለሁም» አለ አባቴ።

በመጨረሻ አንገታቸውን እያከኩ ወደ ጓዳ ገቡና ሁለት ጎማ ይዘው ወጡ። ከአንድ የተጋጨ መኪና ላይ የወለቁ ናቸው፤ ልኩ የጫማዋ ልክ፣ ጥርሱም ጥልቅ ሳይሆን ጥሩ ቀሪ ያለው። ሰዉ አልወደደውም፤ «ይሄማ ጠፍጣፋ ነው» እያለ ወደ ሻዩ ተመለሰ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አንዱን አሸተተ፤ ጥፍሩን ጎማው ውስጥ ቀበር አደረገና ለቀቀው።

«ይሄ ሕይወት አለው፤ አልደረቀም። ስንት አለህ?»

«ሁለት ብቻ።»

ለሌሎቹ ሁለት ከራሷ ጎማዎች ሻል ያሉትን፣ ትንሽ ጥርስ የቀረላቸውን ለመጠቀም ተስማማን። መርማሪው ቢያጉረመርምም ያልፋሉ አሉ ጋሽ መኩሪያ። ፀቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሶቹ የት ይግቡ?

«ፊት ነዋ!» አሉ ጋሽ መኩሪያ፣ ክሪኩን ወደ ፊት እየገፉ።

«ኋላ» አልኩ እኔ።

ሻይ ቤቱ እንደገና ተነሣ።

«እህቴ፣ መሪው የት ነው ያለው? ኋላ ነው እንዴ?» አሉኝ ጋሽ መኩሪያ።

«መሪው ፊት ነው፤ የሚገፋት ግን የኋላው ነው። ቅድም ዳገቱን ስንወጣ ቂጧ ነው ወዲያ ወዲህ ያለው። ፊቷማ ወደላክኋት ሄዳለች።»

«ቂጧን ነው ያለችው?» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቀ።

እኔ መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። መቀመጫዬ ላይ የተሰማኝን ነው የተናገርኩት፤ ለማስረዳት ሌላ ቃል አልነበረኝም። አባቴ ግን የሰማው ሳቁን ነው። «ፊት አድርገው፣ መኩሪያ» አለ። «የፊት ጎማ ከከዳ ሬሳ ነህ። ዕድሜ ልኬን የማውቀው ይሄን ነው።» ፊት ተደረገ።

ስንመለስ ዝናቡ ጀመረ፤ ብዙም አልቆየ፣ አስፋልቱን አርሶ ሄደ። እኔ ተናድጃለሁ። በአዲሱ ጎማ ፊቷ እንደ መቀስ ይታዘዛል፤ ስለዚህ ትንሽ ለቀቅ አደረግኋት። አባቴም ጎማው አዲስ ነው ብሎ «ቀስ» ማለቱን ትቷል። ከቤታችን በላይ ካለው ኩርባ ስደርስ መሪውን አዞርኩ። ፊቷ ዞረ፤ ኋላዋ ግን መዞሩን አላቆመም። ዛፍ፣ አጥር፣ ሰማይ፣ እንደገና ዛፍ አየሁ፤ ስንቆም ፊታችን ወደመጣንበት ነበር።

ኩርባው ላይ የሸማኔዎች ቤት አለ። ዝናቡ አባራ ሲል ድራቸውን ከአጥሩ ጎን ከእንጨት እንጨት ሊወጥሩ ወጥተዋል። የጫማዋ የኋላ መከላከያ ከነጩ ድር ክንድ የማይሞላ ቦታ ቀርቶት ነው የቆመው። አንድ ሸማኔ ልቃቂቱን እንደያዘ አፍጥጦ አየን፤ ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ፣

«ጋቢ ልትገዙ ከሆነ በበሩ ነው የሚገባው!» አለ።

ሌላ ሰው ከመንገዱ ማዶ ጮኸ፤ «ሴት ናት እኮ የያዘችው!»

አለቀ፣ ቅዳሜ ሽብሩ ይወስዳታል፣ ዶሮ ያድርባታል አልኩ በሆዴ። አባቴ በሩን ከፍቶ በዳበሳ ወጣ፤ መኪናዋን እየተደገፈ ወደ ኋላ ሄደ። አስፋልቱ ላይ በርከክ ብሎ የኋላውን ጎማ ዳሰሰ። ጎማው የተንሸራተተበትን እርጥብ መንገድም በእጁ ዳሰሰ። ወደ ፊት ሄዶ የፊቱን ዳሰሰ፤ ተመልሶ እንደገና የኋላውን። ሸማኔዎቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩታል።

«ክሪኩን አውጪ» አለኝ።

«ለምን?»

«አውጪ አልኩሽ እኮ!»

በስኮርታዋ፣ በተጠባባቂ ጎማዋ፣ እየተረዳን፣ ብሎን እኔ እየፈታሁ እሱ እየተቀበለ፣ የፊቱን ወደ ኋላ የኋላውን ወደ ፊት አዛወርን። ባለ ልቃቂቱ ሸማኔ ድሩን ትቶ መጥቶ ቸርኬውን ደግፎ ያዘልን። ቀሚሴ በጭቃ ተለወሰ። ስንጨርስ አባቴ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ወደ ላይ ውጪና አዙረሽ እንደገና ውረጂ። እንደቅድሙ።»

«እንደቅድሙ? በዚያው ፍጥነት?»

«በዚያው።»

«አባባ፣ ሰው ቆሞ እያየን ነው።»

«ይይ።»

ወጣሁ፤ አዞርኩ፤ ወረድኩ። ሸማኔዎቹ እየሳቁ ድራቸውን ጠቅልለው አጥር ውስጥ ገቡ። ኩርባው ሲመጣ ዓይኔን ልጨፍን ምንም አልቀረኝ። መሪውን አዞርኩ። ኋላዋ ትንሽ ወለም አለና መሬቱን ቆንጠጥ አድርጎ ተከተለኝ። አባቴ እጁ ጭኑ ላይ ነበር፤ ምንም አልጨበጠም። ቤታችን በር ላይ ደረስን። ሞተሩን ሳጠፋ ወደ እኔ ሳይዞር፣

«ቅዳሜ ሽብሩ ሲመጣ ሻይ አጠጪና ሸኚው» አለኝ።

«ምን ልበላቸው?»

«ሾፌር አላት በይው።»

ልክ ነበርሽ አላለኝም፤ ከዚያም በኋላ ብሎኝ አያውቅም። ቦሎዋ ተለጠፈ። የዓይን ሐኪም ጋ ቀጠሮ በያዘ ቁጥር የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። ግርማ በሰላም ሲመለስ እንኳ ቁልፉን አልሰጠሁትም፤ እስከ ዛሬ ያነሣብኛል። ጫማዋ ከብዙ ዓመት በኋላ ሞተሯ ደክሞ ተሸጠች፤ የገዛት ሰው አሮጌ መኪና የሚወድ ነበር፣ እኔም አላለቀስኩም።

ይህን ታሪክ ሳወራ ሁልጊዜ የምኮራው በራሴ ነበር። ያ ሁሉ ወንድ ፊት ሲል እኔ ኋላ አልኩ፣ ልክም ሆንኩ። ዘንድሮ ግን ሐኪሙ የእኔንም ዓይን አይቶ ከመሸ በኋላ እንዳልነዳ ከለከለኝ። ባለፈው ወር ከሱቁ ጎማው ተገጥሞ ስንወጣ መሽቶ ነበር፤ ቁልፉን ለልጄ ሰጠሁና ጎኗ ተቀመጥኩ። በአዲሱ ገበያ ቁልቁል ስንወርድ የፊታችን መኪና መብራት ሁሉ ተበትኖ ይታየኛል፤ ርቀቱ አይገባኝም። እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል፣ እጄ በሩን ጨብጧል።

አባቴ ከእኔ የባሰ ነበር። መንገዱ ጨርሶ አይታየውም፤ በልጁ እጅ አንዴ ተሽከርክሮ፣ ከአጥር በክንድ ተርፎ፣ እንደገና እዚያው ወንበር ላይ ገብቶ በሩን ዘጋና «በዚያው ፍጥነት» አለ። በዚያ ቀን ደፋሯ እኔ ነበርኩ ብዬ ስንት ዓመት አወራሁ።

«ማሚ፣ እግርሽን አሳርፊያ» አለችኝ ልጄ።

አሳረፍኩ። እጄንም ከበሩ ላይ አነሣሁና ጭኔ ላይ አደረግሁት።