ከአልጋ ሥር የወጣ ጫማ

መጀመሪያ የተላቀቀውን ሶል በቢላዋ ጫፍ ከፍ ታደርገዋለች። ቀጥሎ በጉጠት ይዛ ከተረከዙ ወደ ጣቱ ትገሸልጠዋለች፤ ከጣቱ በኩል ከጀመሩ ቆዳው ይቀደዳል። የቀረውን አሮጌ ማስቲሽ በሞረድ ትፍቃለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሻክራለች፣ ብናኙን እፍ ብላ በጨርቅ ትጠርጋለች። ከዚያ አዲሱን ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ላይ ስስ አድርጋ ትቀባለች። አሁን መጠበቅ ነው። ማስቲሹ ጣት መያዙን እስኪተው ካልጠበቁት ሶሉ ሳምንት አይቆይም። እጇ መጠበቅ ያውቃል፤ እሷ ግን አታውቅም። ስለዚህ የሌላ ሰው ጫማ ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች፣ በር ላይ ወጥታ መንገዱን ታያለች፣ ተመልሳ ቁጭ ትላለች፣ ብድግ ትላለች።

ጫማ ጠጋኝ ናት። ሱቋ ከፎቅ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ሰፈሩ «ወስፌ» ይላታል። ከእጇ በማይጠፋው መሣሪያ ነው የሚል አለ፣ በምላሷ ነው የሚልም አለ። ደንበኛ ጫማ ሲያቀብላት መጀመሪያ ገልብጣ ሶሉን ታያለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብላ ፊቱን የምታየው።

«ይሄን ጫማ አድርገኸው ነው የሄድከው ወይስ ታግለኸው?»

ይህች ቁንጥንጥ ሴት ጫካ የገባችው በልጇ ምክንያት ነው። ልጇ በአንድ የጉዞ ድርጅት ውስጥ በሙከራ ላይ ያለች አስጎብኚ ነበረች። ሌሎች ከሚመሩት ቡድን ኋላ ኋላ ስትል ከርማ፣ በመጨረሻ የራሷን ቡድን እንድትመራ ተፈቀደላት፤ ጥቅጥቁን ደን በእግር አቋርጦ ከፏፏቴው የሚያደርስ ጉዞ። ተጓዦቿን በሙሉ ፏፏቴው ድረስ አድርሳ ከመለሰች ትቀጠራለች። ከመንገድ ከተመለሰች ግን መሰናበቷ ነው። ሊነሡ ትንሽ ሲቀር አንዱ ታሞ ቀረና ቡድኑ ከሚፈቀደው ዝቅተኛ ቁጥር ጎደለ።

«እማ፣ ቦታውን ሙዪልኝ» አለቻት።

«እኔ? ጉልበቴ እንዴት እንደሚንቋቋ እየሰማሽ?»

«ቁጭ ስትዪ ነው የሚንቋቋው። ስትሄጂማ ማን ይደርስብሻል?»

ወስፌ ሱቋን ዘጋች። ከአልጋዋ ሥር አንድ ሳጥን ጎትታ አወጣች። ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተራራ ጫማ ነበር። ልጇ ገና ድክ ድክ ስትል «አንድ ቀን እኔም እሄድበታለሁ» ብላ የገዛችው ነው። ያ ቀን ሳይመጣ የሰው ጫማ እየጠገነች ስትሸኝ ኖረች። ቆዳውን ቀለም ቀባችው፣ ወለወለችው፣ ፊት እስኪያሳይ አብለጨለጨችው። ክሩን ቀየረች። ሶሉን ሳታየው ቀረች። የማንንም ጫማ ሳትገለብጥ የማታልፍ ሴት የራሷን አልገለበጠችም።

አውቶቡስ ላይ ግን የሌላውን ሁሉ አየች። አዲስ ተጋቢዎቹን «ጠባብ ጫማና ጠባብ ልብ መንገድ ላይ ነው የሚታወቀው» ብላ አሳቀቻቸው። ከኋላ መቀመጫ ሁለቱን ቦታ ይዞ የተቀመጠ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ከጀርባ ቦርሳው ላይ ትልልቅ የፕላስቲክ ሰንደል ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ጫካው ውስጥ መታጠቢያ ቤት አለ አሉህ እንዴ?»

«ለወንዝ መሻገሪያ ነው፣ እትዬ።»

«ወንዙ እንዲስቅብህ ነው? በሱ ፋንታ ዳቦ ብታንጠለጥል ለሁላችንም ይተርፍ ነበር።»

እሱም ከሰዉ ጋር ሳቀ።

ደኑ አፍ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ሰበሰበቻቸው። «አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ» አለች። «ጫማችሁ ውስጥ ጠጠር ቢገባ ያኔውኑ ንገሩኝ። ቁስል ከሆነ በኋላ ብትነግሩኝ የማደርገው ነገር የለኝም።» ከሁሉ በላይ ራሷን የነቀነቀችው እናቷ ነበረች።

ጫካው እንግዳ አይንቅም፣ እንግዳ አያከብርም። ገና ሲገቡ ላብ ሸሚዝን ከጀርባ አጣበቀ። የዛፉ ሥር እግር ይጠልፋል፣ እሾሁ እጅጌ ይይዛል፣ ትንኙ ጆሮ ውስጥ ወግ ይጀምራል። አልቅት ካልሲ ውስጥ ገብቶ ጠግቦ ይገኛል። ግን ደግሞ ጭራቸው እንደ መጥረጊያ የረዘመ ጦጣዎች ከተጓዦቹ ራስ በላይ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወነጨፉ ሁሉም አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ አንድ ዛፍ አምስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ እንኳ አልከበብ ይላል። ወስፌ አላረፈችም። ከፊት ሆና ታያለች፣ ከኋላ ሄዳ ትቆጥራለች። ሌላው ሲያርፍ እሷ የሰው ክር ታጠብቃለች።

«እትዬ፣ ዛፎቹ እንኳ ቆመው ነው የሚያርፉት» አላት ዳቦ ጋጋሪው፣ እያለከለከ።

በማግስቱ ጭቃ መጣ፤ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ፣ ሲለቅ እንደ መሳም የሚጮህ ጭቃ። ከጭቃው ስትወጣ ግራ እግሯ ለሰለሰባት። ዞር ብላ ዱካዋን አየች። ጥቁር ፍርፋሪ ተበትኖበታል። ጎንበስ ብላ አንዱን አንሥታ በጣቶቿ መሐል አሸችው። ዱቄት ሆነ። ከዚህ በላይ ማየት አላስፈለጋትም። ሶሉ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ በዕድሜ ሞቷል። ዱቄት ደግሞ ማስቲሽ አይዘውም፣ ክር አይዘውም።

ከፊት መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ነበር። ግራው በገመድ ድልድይ አድርጎ ወደ ፏፏቴው ይሄዳል፤ ቀኙ መኪና ወደሚገኝበት መንደር ያወጣል። መራመድ ያልቻለ ካለ ቡድኑ በሙሉ በቀኙ ይወጣል፤ ደንቡ ነው። ወስፌ ሐሳቧ ወዲያ ወዲህ ናጣት። ብትናገር የልጇን እንጀራ ልትደፋ ነው። ባትናገርስ? መታጠፊያውን ልለፍ እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም አለች በሆዷ። ጫማውን በገመድ ጠፍራ፣ ከሰው ኋላ ቀርታ፣ እንደ ዶሮ እየመረጠች መርገጥ ጀመረች። ሥሩ ሁሉ በካልሲዋ ሥር ይሰማታል። ጠጠሩ ሁሉ ስሟን ይጠራል።

መታጠፊያው ላይ ሲያርፉ ጉድ ተፈጠረ። ወስፌ ተቀመጠች። እግሯን ከቦርሳዋ ሥር ደበቀች። ልጇ ውኃ እያደለች መጥታ ፊቷ ቆመች።

«እማ፣ ተቀመጥሽ?»

«ደክሞኝ ነው።»

«አንቺ? ደክሞሽ?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ቦርሳውን አነሣችው። የቀኙም ሶል አፉን ከፍቶ ነበር፤ የግራው ጭራሽ የለም። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። መጀመሪያ የተናገረው ዳቦ ጋጋሪው ነው።

«ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጭቃው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳላስመልስሽ ብዬ ነዋ።»

«እኔን የሚያስመልሰኝ ጫማሽ አይደለም፣ እማ፣ መደበቅሽ ነው። ድልድዩ ላይ ብትወድቂ ኖሮስ? ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርገኝ ምን ትዪኝ ነበር?»

ወስፌ አፉን የከፈተውን ሶል በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ ፈረፈረ። ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ቡድኑ ዞረች። «በባዶ እግር ድልድይ አላሻግርም። በቀኙ እንወጣለን» አለች። ይህን ስትል ዓይኗ የግራውን መንገድ እያየ ነበር። እናቷ ያንን ዓይን አየች፤ ከጠጠሩ ሁሉ የባሰው እሱ ነው።

ዳቦ ጋጋሪው ቦርሳውን ፈታ ፈታ አደረገ። ሰንደሉን አውጥቶ ፊቷ አኖረው።

«እትዬ፣ እዚያ ማዶ መታጠቢያ ቤት አለ አሉ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ወስፌ ናት። ሰንደሉ ለእግሯ ጀልባ ነበር። ካልሲ በካልሲ ላይ ደረበች፤ የሞተውን ጫማ ክር መዝዛ ሰንደሉን ከቁርጭምጭሚቷ ጋር ጠፍራ አሰረች። ልጇ ግን ወዲያው አልታለለችም። በዚያ ሥር ላይ ሂጂ አለቻት፣ ሄደች። እዚያ ቋጥኝ ላይ ውጪ፣ ወጣች። በተራመደች ቁጥር የልጇን ፊት ታያለች። ልጅቷ ሰንደሉን ጎተት አድርጋ ቋጠሮውን ፈተነች፣ ተነሣች።

«በግራ» አለች። «አንቺ ከኔ ኋላ ነሽ። ብትቀድሚኝ እመልስሻለሁ።»

ድልድዩ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ነው የሚያሻግረው። ልጇ ቀድማ ስትሻገር ወስፌ ገመዱ ሥር ቆማ ጠበቀች። እጇ ለክር፣ ለመዶሻ፣ ለሆነ ነገር ሁሉ ይቃዣል፤ የሚያዝ ነገር የለም። ማስቲሽ ነው፣ እስኪደርቅ ጠብቂ አለች ለራሷ። ተራዋ ሲደርስ ወጣች። ከሥሯ ውኃው ነጭ ሆኖ ይገለባበጣል፣ ድልድዩ ይወዛወዛል፣ ሰንደሉ በየጣውላው ላይ ጠፍ ጠፍ ይላል። መሐል ላይ ሳታስበው እንደ ልጅ ሳቅ አመለጣት።

ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል፣ ከመሰማቱ በፊት ደረት ውስጥ ይገባል። ከነልብሳቸው ረጥበው ቆሙ። አዲስ ተጋቢዎቹ ተቃቅፈዋል፣ ዳቦ ጋጋሪው ድንጋይ ላይ ተዘርሯል። ልጅቷ ተጓዦቿን አንድ በአንድ እያየች ፊቷ ወለል አለ። ወስፌ ከእግሯ ጣቶች መሐል የተጣበቀ አልቅት እየነቀለች ወደ ላይ አንጋጠጠች።

«ከዚህ ወዲያስ ምን አለ?»

«አረፍ በይ እስቲ፣ እማ።»

ልጅቷ ተቀጠረች። የሆነውን ሁሉ ግን ሳትደብቅ ለድርጅቱ ተናግራ ነው፤ አሁን ቡድን ከመነሣቱ በፊት ሁሉም ጫማውን ገልብጦ ያሳያታል። ሰንደሉ በወስፌ ሱቅ በር ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ዳቦ ጋጋሪው ባለፈ ቁጥር እንድትመልስለት ይጠይቃታል፣ እሷም «ገና አልደረቀም» ትለዋለች።

ይህ ታሪክ እንደሚጻፍ ስትሰማ አንድ መልእክት አስይዛለች። «ለሚያነቡት ንገሩልኝ። ለጥሩ ቀን ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ጫማ አሁን አውጡት። ሶሉን እጠፉት፣ በአውራ ጣት ጫን በሉት። ከፈረፈረ ለእኔ አታምጡት፣ ጣሉት። ደህና ከሆነ ግን ተጫሙትና ውጡበት። ስትወጡ ቡድናችሁ አንድ ሰው ከጎደለው ደግሞ ጥሩኝ፤ ሰንደል አለኝ።»