አባቴ በሠርጉ ላይ እንዲነሳ

ከዓረብ አገር ስመለስ ከሻንጣዬ የወጣው ነገር እናቴን ክው አድርጓት ነበር። ሰው ወርቅና ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ እንደ ድንጋይ የሚከብድ የሥዕል መጽሐፍ! የሠራሁላት ማዳም ፖላንዳዊት ናት፤ ድሮ በአገሯ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበረች። ስሰናበታት መጽሐፉን አስታቀፈችኝ። "እማ፣ ወርቁም አለ፣ አብሽሪ" ብዬ ባላሳያት ኖሮ ያን ቀን ራት አላገኝም ነበር።

መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ጭፈራ ነው። የፖላንድ ሠዓሊዎች ጭፈራ ሥለው የሚጠግቡ አይመስሉም። ቀሚሷ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋባት ገበሬ አለች፤ በቡት ጫማው መሬቱን የሚደበድብ ጎረምሳ አለ፤ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሰልፍ የሚራመዱ ሽማግሎችና እመቤቶች አሉ። ማዳም ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያልቅ አጠገቧ ታስቀምጠኝና ገጹን እየገለጠች በኮልታፋ ዓረብኛ ታስረዳኝ ነበር። ጎረቤቶቻቸው አገራቸውን ተከፋፍለው በወሰዱባቸው ዘመን ሠዓሊውም ደራሲውም ጭፈራውን እንደ አገር ይዞት ቆየ አለችኝ። አንዱ ደራሲ ሕዝቡ ገና አለ ለማለት ሰውን ሁሉ ያስጨፍራል፤ ሌላው ደግሞ ሕዝቡ ተኝቷል ለማለት ያው ያስጨፍራል። ግጥሙን በራሳቸው ቋንቋ ስታነብልኝ አንድም ቃል አይገባኝም። እግሯ ግን ከጠረጴዛው ሥር ይመታ ነበር፤ እሱ ገባኝ።

ቤታችን ሐይቅ ከተማ ዳር፣ ከውሃው ብዙም ሳይርቅ ነው። የመጣሁት ለታናሽ እህቴ ሠርግ ነው። የወንድሜ ሠርግ አምልጦኛል፤ በስልክ ቪዲዮውን እያየሁ ወጥ ቤት ውስጥ ተንሰቅስቄ አልቅሻለሁ። ይሄኛው እንዲያመልጠኝ አልፈለግሁም። ስደርስ ግን አባቴ አንድ ነገር አጥብቆ ይዟል፤ ከድንኳኑ ጥግ ይቀመጣል እንጂ ለጭፈራ አይነሳም። ከውጫሌ ሲመለስ ባጃጅ ተገልብጦ ጉልበቱ ተጎድቷል፤ የሚሄደው በምርኩዝ ነው። አባቴ ደግሞ ግማሽ አምባሰል በትከሻው የሚያውቀው ሰው ነው። እሱ እስክስታ ከወረደ ሌላው ቆሞ ያያል።

"ካልዘለልኩ፣ ካልተንበረከክሁ ምን ልሠራ ነው የምነሳው? ለቅሶ ነው እንዴ?" ይላል።

እህቴ "አባቴ ካልጨፈረልኝ ምኑን ተዳርኩት!" ብላ አኮረፈች። እኔም በሷ ቦታ ብሆን አኮርፍ ነበር።

አንድ ከሰዓት ሁሉም በተሰበሰበበት መጽሐፉን ዘረጋሁት። አጎቴ የሰልፉን ሥዕል እንዳየ "አሃ፣ ሽምግልና የሚሄዱ ናቸው" አለ። የእኛ አገር ሰው በክብር የሚራመዱ ሽማግሎች ካየ ልጅ ሊጠይቁ ነው እንጂ ሌላ አይታየውም። "ግን ሚስቶቻቸውን ምን ሊያደርጉ አስከተሉ? ነገሩን ሊያበላሹት ነው!"

እየጨፈሩ ነው ብዬ ብነግረው በጀ አላለም። "ወላሂ አይደለም! ትከሻቸው ተኝቶ?"

"አባዬ" አልኩ ወደ አባቴ ዞሬ፣ "ይሄን ጭፈራ የሚመራው በዕድሜ ትልቁ ነው። ዝላይ የለውም፣ መራመድ ብቻ ነው። ወጣቱ ከኋላው ይከተላል፤ እሱ በዞረበት ይዞራል።"

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ሥዕሉ ላይ አቀረቀረ። "መራመድ ብቻ? መራመድማ እራመዳለሁ።" ከዚያ ጣቱ የሽማግሌው እጅ ላይ ቆመ። "የማንን እጅ ነው የያዘው?"

"የሚስቱን።"

መጽሐፉን ጧ አድርጎ ዘጋው። "ተይኝ አንቺ ልጅ! በዚህ ዕድሜዬ ልታዋርጂኝ ነው?"

አባቴና እናቴ አምስት ልጅ ወልደው ሰው ፊት እጅ ለእጅ ተያይዘው አያውቁም። እናቴ ምስር ከምትለቅምበት ቀና ብላ "የኔ እጅ ምን ሆነ? እከክ አለበት እንዴ?" አለችው። አጎቴ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ምርኩዙን አንስቶ ወጥቶ ሄደ፤ እኔም ራሴን ረገምኩ። ጥግ ሊቀመጥ የነበረውን ሰውዬ ጭራሽ ከሠርጉ ላስቀረው ነው ብዬ ፈራሁ።

የሠርጉ ቀን መጣ፣ አልሐምዱሊላህ። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ማሲንቆ ተጫዋቹ ከቀትር ጀምሮ እስክስታውን አደመቀው፤ አባቴ እንዳለውም ጥግ ተቀምጧል። እህቴ ከሙሽራው ጎን ሆና በሻሿ ሥር ደጋግማ ወደ አባቴ ታያለች። ኋላ ተጫዋቹ ቀዝቀዝ አለና አምባሰል ቅኝት ውስጥ ገባ። ያኔ አባቴ ተነሳ። ወደ ጨፋሪዎቹ አልሄደም፤ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት አዝግሞ እናቴ ፊት ቆመና እጁን ዘረጋ።

ያቺ ምላሰኛ እናቴ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። "ኧረ በአላህ!" ሴቶቹ ገፍተው አስነሷት።

በአንድ እጁ ምርኩዙን፣ በሌላው እናቴን ይዞ መራመድ ጀመረ። ሰው ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። አሁን ሊስቁበት ነው ብዬ ሰጋሁ። አጎቴ ግን ብድግ አለና ሚስቱን ጎትቶ ከኋላቸው ገባ። አማቾቹ ተከተሉ፣ ጎረቤት ተከተለ፣ ሙሽሮቹም ገቡ። አንድ ሁለት ሰው ፊቱን አጨማደደ፤ ያጨማድድ! ሁለተኛው ዙር ላይ የአባቴ ትከሻ ነቃ። እግሩ ቀስ እያለ ይራመዳል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱ ይሰበቃል። እንዲህ ያለው ጭፈራ ማዳም መጽሐፍ ውስጥ የለም። እልልታው ቀለጠ። የእህቴ ኩል በጉንጯ ወርዶ ጥርሷ ግን አልከደን አለ፤ የኔም እንባ መጣ፣ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ዘፈኑ አለቀ። እናቴ እጇን ልትስብ ሞከረች። አባቴ ጭብጥ አድርጎ እንደያዛት ወደ ማሲንቆ ተጫዋቹ ዞረና "አንተ! ማን አቁም አለህ?" ብሎ ጮኸበት።