ለቡናው ያመጣንለት ባሕር

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ታኅሣሥ ሲገባ የቡና ችግኞቻችን ትዝ ይሉኛል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደተጋባን፣ ከሶዶ ከተማ ከፍ ብሎ በዳሞት ተራራ ወገብ ላይ ከጓሯችን እንሰት አጠገብ ተከልናቸው። እሱ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። ጎረቤታችን፣ አንዲት ባልቴት፣ ችግኞቹን አይተው፣

«ልጄ፣ ይሄንን አመዳይ ይበላዋል። ቡና ወደ ታች ነው አገሩ» አሉኝ።

አንድ ብርዳም ጠዋት ባለቤቴ ወደ ደጅ ጠራኝ። ከሩቅ ከአባያ ሐይቅ ላይ ነጭ ጭስ ይነሣል።

«ምን ተቃጥሎ ነው?» አልኩት።

«ምንም። ውሃ ቀን የያዘውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። አየሩ ሲበርድ እሱ ገና ለብ ያለ ስለሆነ ሙቀቱንና እርጥበቱን ለአየሩ ይሰጣል። በሰሜን አገሮች በብርድ ወራት ባሕሩ እንዲህ ይጨሳል። ነፋሱ ሙቀቱን ወደ የብስ ስለሚወስድ የባሕር ዳር አገር ብርዱ ይቀልለታል።»

«ባሕሩስ?»

«እሱ ይቀዘቅዛል። የላዩ ውሃ ሲበርድ ይከብድና ይሰጥማል፤ ለብ ያለው ከሥር ይተካል።»

እሱም ባሕር አይቶ አያውቅም።

«እንግዲያ ለቡናው ባሕር አምጣለት» አልኩት። ለቀልድ ነበር። እሱ ግን ማሰሮዎቹን ሰብስቦ ውሃ ሞላና በችግኞቹ መሐል ደረደራቸው። ቀን ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሲመሽ ችግኙንም ማሰሮውንም በእንሰት ቅጠል እንሸፍናለን።

ባልቴቷ በአጥር አሻግረው፣ «የመምህር ሚስት! ቡናው ሳይለቀም ጀበና ጣዳችሁ?» ሲሉ መንገደኛው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ አመዳዩ ወረደ። ጠዋት የባልቴቷ ጎደሬ ጠቁሮ ተኝቷል። እኛ የእንሰት ቅጠሉን ስንገልጥ ውስጡ አልቦታል፤ ችግኞቹ ለምለም ናቸው። የሞተው አንድ የዳር ችግኝ ብቻ ነው፤ ማሰሮው ተሰንጥቆ ውሃው ፈስሶ ነበር።

«ውሃው ነው» አለ ባለቤቴ።

«ቅጠሉ ነው! እናቴም በእንሰት ቅጠል ታለብስ ነበር» አሉ ባልቴቷ።

በተገናኙ ቁጥር በዚህ ሲከራከሩ ኖሩ፤ አንዳቸውም አልተረቱም።

እሱ ሲሞት ባልቴቷ ለቅሶ ላይ አጠገቤ ተቀመጡና፣

«ውሃው ነው ብዬ ብረታለት ምን ነበረበት?» አሉ።

«ሁለቱም ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ቡናው ከቁመቴ ካለፈ ቆይቷል፤ ማሰሮ አያሻውም። ዛሬ ጠዋትም አባያ ሲጨስ አየሁ።