የሰው ካርድ፣ የቤተሰብ ካርድ

ካዛንቺስ የነበረው ቢሯችን ሳይፈርስ በፊት ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን እንሠራ ነበር። በዕድሜም በሥራም ትበልጠኛለች፤ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን «አንቺ በለኝ፣ በቃ» ብላኛለች።

ሰንጋ ተራ ላለ አንድ ክሊኒክ የሕመምተኞች መመዝገቢያ ሶፍትዌር እየሠራን ነበር። እሷ የስክሪኖቹን ቅደም ተከተል ትነድፋለች፤ እኔ መረጃው ከሥር እንዴት እንደሚቀመጥ። አንዳችን የሌላውን ንድፍ ደህና አድርገን አይተን አናውቅም።

ለሙከራ ስንሄድ የካርድ ክፍሏ ሲስተር በፈጠራ ስም ሁለት ወንድማማቾችን መዘገቡ። ለታላቅየው ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ጻፉ። የታናሽየውን ሲከፍቱ ያው ማስጠንቀቂያ እዚያም ቁጭ ብሏል።

አልተቆጡም። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ለመሆኑ ካርድ ስትሉ የሰው ነው የቤተሰብ?» አሉን።

እኔ «የሰው» ስል እሷ «የቤተሰብ» አለች፤ እኩል ነው የተናገርነው።

ታክሲ ውስጥ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን የማስረዳበትን ቃል እየመረጥኩ ነበር። ቢሮ ስንደርስ ቀደመችኝ። «ማን እንዳጠፋ ተወው። ዛሬ ብናስተካክለው ነገ አንዳችን ይለውጠዋል፣ ሌላው አያውቅም» አለች።

ከዚያ የጋራ ሞዴል እንሥራ አለች። ሕመምተኛ ምንድን ነው፣ ካርድ ምንድን ነው፣ ምን ከምን ጋር ይያያዛል፤ ይህን አንድ ቦታ ብቻ እንጽፋለን፣ የእሷም የእኔም ንድፍ ከዚያ ይወጣል። ከሞዴሉ ጋር የሚጋጭ ነገር ከነደፍን መንደፊያው ፕሮግራም በቀይ ያሳየናል።

ሁለት ሳምንት ፈጀብን፤ አለቃችንም አጉረመረመ። እኔን የከበደኝ ግን እያንዳንዱን ቃል እሷን መጠየቁ ነበር። ቀጠሮ ለእኔ ሰዓት ነው፣ ለእሷ ቀን። ካርድ ላይ ስንደርስ ለምን የቤተሰብ እንዳደረገችው ጠየቅኋት። ልጅ እያለች የሰፈሯ ጤና ጣቢያ የአንድ ቤት ሰው ሁሉ ማኅደር አንድ ላይ ያስቀምጥ ነበር አለችኝ፤ እናቷ ስድስቱንም ልጆች ያሳከሙት በአንድ ቁጥር ነው። እኔ ደግሞ ያለ ወንድም ያለ እህት ያደግሁ ነኝ። ስነግራት ሳቀችብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መጠየቁን እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ጨዋታ ወደድኩት።

ለአንድ ሰው አንድ ካርድ ሰጠን፤ ካርዶቹን የሚያገናኝ «ቤተሰብ» የሚባል ነገርም ጨመርን። ክሊኒኩ ስንመለስ ሲስተሯ መንትዮች መዘገቡ። የአንዱን ማስጠንቀቂያ ጽፈው የሌላውን ከፈቱ፤ ባዶ ነው። «አሁን ሁለት ልጆች ሆኑ» አሉና ቀጣዩን ሕመምተኛ ጠሩ።

እኛም ሻይ ልንጠጣ ወጣን። ስለ ሥራ አላወራንም፤ ስለ ወንድሞቿ እያጫወተችኝ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ጠጣን።