ከሲቀላ የተጫኑት የሃዲድ ተሽከርካሪዎች

አርባ ምንጭ ባቡር የላትም። ኖሯትም አያውቅም። በአማርኛችን ደግሞ የእህል ወፍጮም ባቡር ይባላልና፣ «የባቡር ጎማ ነው የምሠራው» ስል ብዙ ሰው ወፍጮ የምጠግን ይመስለው ነበር። ባለቤቴ እንኳ በመጀመሪያው ሰሞን ለጎረቤቶቻችን እንዲያ ብላ ነበር የነገረቻቸው። እኔም አላረምኳትም። ሃዲድ በሌለበት ከተማ የሃዲድ ተሽከርካሪ እንሠራለን ማለት፣ ለራሴም ጆሮ ትንሽ እንግዳ ነበር።

አለቃዬ ኢንጂነር ናት። የከተማችን የላይኛው ሰፈር የሴቻ ልጅ ናት፤ ለዓመታት በባቡር መስመር ጥገና ላይ ስትሠራ ቆይታ፣ እናቷ ሲታመሙ ወደ አገሯ ተመልሳ በታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ዳር ወርክሾፕ ከፈተች። አራት ሠራተኞች ነበርን፤ እኔ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን፣ የቶርኖ ባለሙያ ነኝ። መስመሩ በሚያልፍበት በረሃ ላይ ጠጋኞች መሣሪያቸውን ተሸክመው በሃዲዱ መሃል በእግራቸው ሲሄዱ ያየችው ነገር ከዓይኗ አልጠፋም። «አራት ሰው የምትይዝ ትንሽ ተሽከርካሪ፣ ከኋላዋ ደግሞ የመሣሪያ መጫኛ ጋሪ» አለችና ንድፉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

የጎማዎቹ ነገር ነው ያስቸገረኝ። የባቡር ጎማ ከውጭ ሲታይ ተራ ክብ ብረት ይመስላል፤ ግን ገጹ ትንሽ ያዘነበለ ነው፣ በአንድ ጎኑም ከሃዲዱ እንዳይወርድ የሚይዘው ከንፈር አለው። የመጀመሪያዎቹን አራት ጎማዎች ለክታ ስትጨርስ ከቁርጥራጭ ብረቱ ጋር ከመረቻቸው። በሁለተኛው ዙር ሁለቱን ተቀበለች። በሦስተኛው ዙር መለኪያዋን፣ ካሊፐሩን፣ ኪሷ ከተተችና «አሁን ገባህ» አለችኝ። ግቢያችን ውስጥ አሮጌ ሃዲድ ገዝተን ከአጥር እስከ አጥር ዘርግተን ነበር። በዚያ ላይ ተሽከርካሪዋ ያለ ድምፅ ስትንሸራተት ሳይ፣ ባቡር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው የባቡር ጎማ ሠራ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሥራውን በፎቶና በጽሑፍ ወደ ውጭ አገር ዐውደ ርዕዮች ላከችው። ከወራት በኋላ ከቱርክ አገር፣ ከአንድ ዓለም አቀፍ የትራንስፖርት ዐውደ ርዕይ፣ ተሽከርካሪዋንም ጋሪዋንም ይዛችሁ ኑ የሚል ግብዣ ደረሰን። የምትሄደው እሷ ነበረች። የእኔ ድርሻ ለጉዞው ማዘጋጀት ነው፤ ሳጥኑን፣ ማሰሪያውን፣ ልኩን። የኮንቴይነሩንም የውስጥ ቁመት ጠይቄ ከተሽከርካሪዋ ጋር አነጻጸርኩ። ይበቃል አልኩ። በወረቀት ጽፌም ፈረምኩበት።

የሚጫንበት ቀን ሐሙስ ነበር። አባቴን ከደጋው፣ ከጨንቻ ጠራሁት። ዕድሜውን ሙሉ ሸማ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ እኔም ሸማኔ እንድሆን ይፈልግ ስለነበር፣ ብረት ቤት ስገባ ደስ አላለውም። ያንን ቀን ግን አዲስ ጋቢውን ለብሶ በጠዋት ወረደ። ቆላው ሙቀት ነውና ወዲያው ጋቢውን አጥፎ ትከሻው ላይ ጣለው። የሰፈሩ ሰውም ተሰብስቧል። የተከራየነው ክሬን ኮንቴይነሩን ከመኪናው አውርዶ፣ በሩን ወደ ሃዲዳችን አዙሮ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ጋሪዋ ያለ ችግር ገባች። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ትልቋን መግፋት ጀመርን። በሩ ላይ ስትደርስ ጣሪያዋ ከላይኛው ብረት ጋር ተገናኝቶ «ኳ!» አለ።

ሁላችንም ቆምን። አለቃዬ እጇን ዘረጋችልኝ፤ «ሜትሩን ስጠኝ።» መጀመሪያ በሩን ለካች፣ ቀጥሎ ገብታ ውስጡን ለካች። ወጥታም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

«ሆዱን ነው የለካኸው። አፉን አልለካኸውም።»

እውነቷን ነው። የኮንቴይነር በር ከውስጡ ያጥራል፤ እኔ ይህን አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁምም። የጎደለን አምስት ሴንቲሜትር ነበር። ትልቅ በር ያለው ሌላ ኮንቴይነር ቶሎ እንደማይገኝ ሹፌሩ ነገረን፤ እሱም በማግስቱ ጠዋት መነሳት አለበት፤ መርከቡ አይጠብቅም። ፊቴ ጋለ። አባቴ የቆመበትን ጎን ማየት አቃተኝ። አንዱ ከሕዝቡ መሃል «ወፍጮውን መልሱት!» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎችም ሳቁ።

«ጣሪያውን እንቁረጠው?» አልኳት።

«የተቆረጠ ዕቃ ይዤ አልሄድም» አለች። ተሽከርካሪዋን ዞረቻት። ጎንበስ ብላ ከሥር አየችና ቀና አለች። «ጎማዎቹን ብንፈታስ? በሆዷ ትግባ።»

ልክ ነበረች። ጎማዎቹ ከነዘንጋቸው ከወጡ ከሠላሳ ሴንቲሜትር በላይ ትወርዳለች። ግን ያለ ጎማ ሁለት ቶን ብረት በጠባብ በር ማን ይገፋል? ክሬኑ እስከ በሩ ድረስ ያነሳታል እንጂ ውስጥ ገብቶ አያስቀምጣትም። በቧንቧ ላይ እናንከባልላት ብንል የታች ብረቷ፣ ሻሲዋ፣ እኩል አይደለም፤ ቧንቧው ይሰነቀራል።

በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከሰው መሃል ወጡ። ዓባያ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩ የምዕራብ ዓባያ ሰው ናቸው፤ ሲቀላ ልጃቸው ዘንድ መጥተው ነው ያጋጠሙን። ወደ አለቃዬ ቀርበው «ልጄ፣ አትጨነቅ» አሏት። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ሴቷን እንደ ወንድ ነበር የሚያናግሯት፤ እሷ ግን ልብም አላለችው። «እኛ ከባድ ጀልባ ከውኃ ስናወጣ ሙዝ ነው የምናነጥፍ። የሙዝ ግንድ። ለሁለት ትሰነጥቀዋለህ፣ ውስጡን ወደ ላይ ታደርገዋለህ። እንደ ሳሙና ነው።»

አለቃዬ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ ከኀፍረቴ ለመውጣት የማልሞክረው ነገር አልነበረም። «ግንዱን አመጣለሁ» አልኩ።

ሙዝ በእኛ አገር ምን ይጠፋል! አንድ ጊዜ ፍሬ የሰጠው ግንድ ለማንኛውም ይቆረጣል። በአቅራቢያው ያለ ባለ እርሻ ታሪኩን ሲሰማ «ባቡር ነው ያላችሁት?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝና ገጀራውን ይዞ ራሱ ማሳው ውስጥ ገባ። በአህያ ጋሪ ሁለት ጊዜ ተመላለስን። እስክመለስ ባልደረቦቼ ተሽከርካሪዋን በክሬን አንጠልጥለው ቡሎኖቹን መፍታት ጀምረዋል። ጎማዎቼን ግን ለማንም አልተውኩም። የሚሽከረከሩባቸውን ኩሽኔታዎች በግራሶ ቅባት ሸፍኜ፣ እያንዳንዱን ዘንግ ቁጥር ጽፌበት፣ በጆንያ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስተኛሁ።

ሽማግሌው የተሰነጠቁትን ግንዶች በሁለት መስመር ከበሩ እስከ ጋሪዋ ድረስ አነጠፉ። ውኃ ረጩበት። ክሬኑ ቀስ ብሎ የተሽከርካሪዋን አፍንጫ ግንዱ ላይ አሳረፈው።

«ሰው ያስፈልጋል» አሉ ሽማግሌው።

ቅድም «ወፍጮውን መልሱት» ያለው ሰውዬ ሸሚዙን ሰብስቦ መጣ። ሌሎችም ተከተሉት። ከጎኔ አንድ ቀጭን ክንድ ብረቱን ሲደገፍ አየሁና ዞር ብል አባቴ ነው። ጋቢው የለም፤ ለአንዲት ሴት አስይዞታል።

«አባዬ፣ ተው ይከብድሃል» አልኩት።

በጋሞኛ መለሰልኝ፤ ልጄ የሠራውን ልግፋ፣ ነው ያለው።

ሽማግሌው ይቆጥራሉ፣ እኛ እንገፋለን። መጀመሪያ አልንቀሳቀስ አለች። በሦስተኛው ግን የሙዙ ጭማቂ ከሥሯ ፊጭ አለና አመለጠችን። ሁለት ሦስት ሰው በግንባሩ ተደፋ። ተሽከርካሪዋ ግን በበሩ ሥር፣ ከላይ ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ትታ፣ እየተንሸራተተች ገባች። ጩኸቱ ሴቻ ሳይሰማ አይቀርም። አለቃዬ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ቀረች። ሽማግሌው ብቻ አልተገረሙም፤ «ጀልባ ከዚህ ይከብዳል» አሉ።

ከዚያ በማንሻ፣ በክሪክ አንስተን ግንዶቹን አወጣን፤ እርጥብ ተክል ይዞ ድንበር መሻገር አይፈቀድማ። በምትኩ ጣውላ አስገባን፣ የጎማዎቹን ሳጥን ጫንን፣ በሰንሰለት አሰርን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ክሬኑ ኮንቴይነሩን መኪናው ላይ መልሶ አስቀመጠው። አለቃዬ እጇን እየታጠበች «እዚያ ስንደርስ ጎማዎቹን ማን ይገጥማቸዋል?» አለች። ቀጥላም «ፓስፖርት አውጣ» አለችኝ።

ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ጭነቱን ለማስረከብ አብሬ ሄድኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር ያየሁት እዚያ ነው። ረጅም የጭነት ባቡር ቆሟል። የእኛን ኮንቴይነር አንስተው ከአንዱ ፉርጎ ላይ አስቀመጡት። ባቡሩ ሲነሳ ጎንበስ ብዬ ጎማዎቹን አየኋቸው። ያ ያዘነበለው ገጽ፣ ያ ከንፈር፤ ከእኔዎቹ ይተልቃሉ እንጂ ያው ናቸው። ባቡሩ ወደ ጅቡቲ እየራቀ ሄደ፤ እኔም ጥበቃው «ወንድሜ፣ ዘመድ ነው የሸኘኸው?» እስኪለኝ ድረስ ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም።

ቪዛው በመጨረሻው ሳምንት ደረሰ። ዐውደ ርዕዩ ቤተ መንግሥት የሚያህል አዳራሽ ነው። እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጩ፣ ከቤት የሚረዝሙ ባቡሮች ተደርድረዋል። የእኛ ቦታ ከጥግ ነበር። ሳጥኑን ከፍቼ ዘንጎቹን በቁጥራቸው አወጣሁ። ከግማሽ ቀን በኋላ ሁለቱ ተሽከርካሪዎች በአጭር ሃዲድ ላይ ቆሙ፤ በጎናቸውም አርባ ምንጭ፣ ኢትዮጵያ የሚል ጽሑፍ አለ።

ሰው ያልፋል፣ ፈገግ ይላል፣ ፎቶ ያነሳል። በሁለተኛው ቀን አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው መጣ። የታንዛኒያ ሰው ነው፤ በአገሩ የሃዲድ ጥገና ኃላፊ መሆኑን ነገረን። ከሌሎቹ የሚለየው ጣሪያውንም ወንበሩንም ሳያይ በቀጥታ መሬት ላይ መንበርከኩ ነው። ኮቱን ሳይሰበስብ ተንበረከከና አውራ ጣቱን በጎማው ከንፈር ላይ ቀስ አድርጎ አዞረው። ከዚያ ለአለቃዬ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቃት።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ጎማዎቹን ከየት አገር ነው የገዛችኋቸው፣ ነው የሚለው።»

መልሱን ለእኔ ተወችው። እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም። ሁለት እጆቼን ዘርግቼ መዳፌን አሳየሁት። ሰውዬው እጆቼን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ተነስቶም አጥብቆ ጨበጠኝ። አለቃዬ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

ወደ አገራችን የተመለስነው ከሰውዬው የሁለት ተሽከርካሪ ትእዛዝ ይዘን ነው፤ የሁለቱም ጎማ የተቆረጠው በእኔው ቶርኖ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዋን ጣሪያ ገጠምን። አለቃዬ ንድፉን ለውጣዋለች፤ የአሁኑ ጣሪያ በስምንት ቡሎን ይፈታል።