ከአይብ መደብሩ ጀርባ የቆመ ብስክሌት

ያኔክ ባርኔጣ ሰፊ ናት። ሴት ያለ ባርኔጣ ቤተ ክርስቲያን በማትገባበት በዚያ የሆላንድ መንደር የጭንቅላቱን ስፋት የማታውቅለት ሰው የለም። ሥራዋ በልክ ነው፤ ግምት አትወድም።

የመጀመሪያ ልጇን በአምስት ሳምንቱ ትክትክ ነጠቃት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች «ክትባት ጌታን መፈታተን ነው፤ ይህም ፈቃዱ ነው» አሏት። አሜን አለች። ደግማ ስታረግዝ ግን አሜኑን ትታ አዋላጅ አማከረች።

«ስድስት ወር ሳይሞላሽ ተከተቢ» አለቻት አዋላጇ። «መከላከያውን ሰውነትሽ ይሠራና በእትብትሽ ለልጁ ያቀብለዋል።»

«መርፌው ራሱ ቢጎዳብኝስ? ምን እንደጨመሩበት በምን አውቃለሁ?»

አዋላጇ ወረቀት ሰጠቻት። ሦስቴ አነበበችው፤ ሦስቴም ተጠራጠረች። ሽማግሌዎቹንም ቢሆን ካመነች ቆይታለች።

በመንደሩ ሰው በብስክሌቱ ይታወቃል። ስለዚህ በስውር የሚከተብ ሁሉ ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ወደ ማዶው ከተማ ይሄድና ብስክሌቱን ከአይብ መደብሩ ጀርባ ደብቆ ክሊኒኩ በእግሩ ይገባል። ያኔክም እንደዚያው ልታደርግ ሄደች። ቦታው ላይ ግን አንድ ጥቁር ብስክሌት ቀድሟታል። ኮርቻው የተጣፈው በራሷ ክር ነው። የአማቷ የኔልትየ፣ የአንዱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሚስት!

«እንደምመጣ ማን ነገራቸው? ባሌ? ወይስ አዋላጇ?» በልቧ ብላ፣ ልትመለስ የብስክሌቷን መሪ አዞረች።

«ወዴት ነው?» አማቷ አይብ ታቅፈው ብቅ አሉ።

«አይብ ልገዛ ነበር፣ እማማ።»

«አይብ ገዢ በፊት በር ነው የሚገባው።» ሆዷን አዩት። «ባልሽን ልጅ ሳለ ያስከተብኩት ለታ እኔም እዚሁ ነበር ያቆምኩት።»

ያኔክ ደሟ ፈላ። «ታዲያ የኔው ሲሞት ለምን ዝም አሉ?»

አሮጊቷ የአይቡን መጠቅለያ ፈትተው እንደገና አሰሩት። «ፈራሁ። ሳትመጪ አትቀሪም ብዬ ይኸው ሦስት ሐሙስ ስጠብቅሽ።»

ነገ ቢመሰክሩብኝስ? አለች በልቧ። «እንግዲያው አብረውኝ ይግቡ። ብታይም ብቻዬን አልታይ።»

«ለአያትም ይሰጣል እንዴ?»

«ክንድዎን ያዘጋጁ።»

በየካቲት ትክትክ መንደሩን ቤት ለቤት ሲዞረው የያኔክ ሕፃን አስነጠሰው እንጂ አልሳለም።

«ምን ብትሰጪው ነው?» አለች ኸሪታ፣ ነፍሰ ጡር ጎረቤቷ፣ ባርኔጣ ስትለካ።

ሕፃኑን የታቀፉት ኔልትየ ፈጠን ብለው፣ «የፍየል ወተት» አሉ።

ኸሪታ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። «ሐሙስ ሐሙስ የሚሸጠውን ነው?»

ያኔክ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና፣ «በጠዋት ሂጂ» አለቻት፤ «ከአይብ መደብሩ ጀርባ ቦታው ጠባብ ነው።»